ውሃው የሚያልቀው ደጅ ላይ ነው

(ላስ ቬጋስ ውስጥ ለአገር ልጆች ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ግቢያችን ውሃ ነው። ስለ ሣሩ፣ ስለ ውሃ ማጠጫው ጎማ፣ ስለ ታይመሩ። በዚህ ከተማ ቤት የገዛን ሰዎች ብዙ ነን። አብዛኞቻችን ታክሲ እየነዳን፣ ካዚኖ ውስጥ ሌሊት እየሠራን ነው የገዛነው። ስንገዛ ስለ ሞርጌጁ ጠይቀናል፣ ስለ ወለዱ ጠይቀናል፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ጠይቀናል። ግቢው ውስጥ የተቀበረውን ቱቦ ግን ያሳየን ሰው የለም። ጋራዥ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው፣ የግቢውን ውሃ በሰዓቱ የምትከፍተውና የምትዘጋው የታይመር ሳጥንም የቀድሞው ባለቤት እንዳስተካከላት ነው ያለችው። የውሃው ቢል ግን በየወሩ ከተፍ ይላል፤ ሰመር ሲመጣ ደግሞ ያስደነግጣል።

በመጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ። ይቺን ከያዝን ሌላው ሁሉ ይቀላል። ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ውሃና ደጅ ላይ የምናፈሰው ውሃ ዕጣቸው ለየቅል ነው።

ሻወር ስትወስዱ፣ ሰሃን ስታጥቡ፣ ሽንት ቤት ስትለቁ፣ ውሃው በፍሳሽ መስመር ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ ይጣራል። ከዚያ ላስ ቬጋስ ዋሽ በሚባለው መውረጃ አድርጎ ተመልሶ ሌክ ሚድ የሚባለው ሐይቅ ውስጥ ይገባል። አካባቢያችን ወደ ሐይቁ የመለሰውን ያህል፣ ያንኑ ያህል እንደገና መቅዳት ይፈቀድለታል። ቤት ውስጥ የተጠቀምንበት ውሃ ሙሉ በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ በዚህ መንገድ ዞሮ ይመጣል።

ደጅ ላይ የረጨነው ግን ሄደ ማለት ነው። ፀሐይ ትወስደዋለች፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ አፈሩ ይጠጣዋል። ማንም ለቅሞ ወደ ሐይቁ አይመልሰውም። በዚህ ሸለቆ ከምንጠቀመው ውሃ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚፈሰው ደጅ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን «ጥርስህን ስትፋቅ ቧንቧውን ዝጋ» ብለን እንቆጣለን፤ ጥሩ ነው፣ እንቆጣ። ግን በዚያው ሰዓት ፊት ለፊታችን ያለው ውሃ መርጫ፣ ስፕሪንክለሩ፣ አስፋልቱን እያጠጣ ከሆነ፣ የቆጠብነው ሌላ፣ የጠፋው ሌላ ነው።

ለምን ይሄን ያህል ያሳስበኛል? ወደ ሐይቁ ወርዳችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ከሁቨር ግድብ ጀርባ፣ በቋጥኙ ላይ ዙሪያውን የተሰመረ ነጭ ቀለበት አለ። ውሃው ድሮ የት ድረስ ይደርስ እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት ነው። እዚህ ቧንቧችን ከሚያወርደው ውሃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ከዚያው ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦገስት ላይ የፌዴራል መንግሥት በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንዙ ላይ የውሃ እጥረት አወጀ። በ2022 ኤፕሪል፣ ከ1971 ጀምሮ ከተማውን ሲያጠጣ የኖረው የመጀመሪያው የውሃ መሳቢያ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ታየ። በዚያው ዓመት ጁላይ የሐይቁ ከፍታ ወደ 1,040 ጫማ ገደማ ወረደ። ግድቡ በ1930ዎቹ ተሠርቶ ሐይቁ ከሞላ ወዲህ እንደዚያ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ከተማው ያልተጠማው አስቀድሞ ከሐይቁ ግርጌ የሚስብ አዲስ ጣቢያ ስለሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ጥቂት ቢያገግምም፣ ከሙሉነቱ ግን እጅግ የራቀ ነው።

ድርሻችንም ከጥንቱ ትንሽ ነው። ሰባቱ ግዛቶች ወንዙን ለመከፋፈል የተስማሙት በ1922 ነው። ታችኞቹ ሦስቱ ከደረሳቸው 7.5 ሚሊዮን አክር ፊት፣ ካሊፎርኒያ 4.4፣ አሪዞና 2.8 ሚሊዮን ወሰዱ (አንድ አክር ፊት አንድ አክር መሬትን አንድ ጫማ ከፍታ የሚያለብስ ውሃ ነው)። ለእኛዋ ግዛት ለኔቫዳ የተረፈው 0.3 ሚሊዮን ብቻ ነው። በዚያን ዘመን ላስ ቬጋስ ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት የባቡር ጣቢያ ከተማ ነበረች፤ ማን አስቦላት! ዛሬ ሸለቆው ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አለ። ድርሻው ግን ያው የድሮው ነው።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ውሃ ቆጥቡ ሲሉን ይገርመናል። ጀሪካን ተሸክመናል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «ውሃ መጣች» ተብለን ከእንቅልፋችን ተነስተን በርሜል ሞልተናል። ዛሬም እናቶቻችን ለጥየቃ ሲመጡ፣ ምስር ያጠቡበትን ውሃ በሳፋ ይዘው ወደ ጓሮ ሲወጡ ታዩአቸዋላችሁ። እኔ ይሄን ሳይ ደስ ይለኛል፤ አትከልክሏቸው። ግን ሒሳቡን እንወቀው። የሳፋው ውሃ በሲንክ ቢወርድ ኖሮ ወደ ሐይቁ ይመለስ ነበር። አትክልቱ ላይ ሲፈስ አይመለስም፤ በምትኩ ያን ያህል የጎማ ውሃ ያስቀራል። ትርፍም ኪሳራም የለውም። እዚህ አገር ትልቁ ቁጠባ ያለው ሳፋው ላይ አይደለም። ማንም ሳያየው ከንጋቱ በፊት ከመሬት ብቅ ብሎ የሚረጨው ነገር ላይ ነው።

አሁን ወደዚያች ሳጥን እንሂድ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የግቢ ውሃ ለማየት በገባሁበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ችግሩ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ክዳኗን ስትከፍቱ መዞሪያ ቁልፍና ትንሽ ስክሪን ታያላችሁ። ሦስት ነገር ትጠይቃችኋለች። በየትኞቹ ቀናት ይክፈት? በስንት ሰዓት ይጀምር? እያንዳንዱ መስመር ስንት ደቂቃ ይሥራ? ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው፤ «ስታርት ታይም» የሚለው ላይ። ግቢያችሁ አራት መስመር አለው እንበል፤ ሁለት የሣር፣ ሁለት የተክል። ሰው ምን ያደርጋል? ለአንደኛው መስመር 4፡00፣ ለሁለተኛው 4፡15፣ ለሦስተኛው 4፡30፣ ለአራተኛው 4፡45 ብሎ ይሞላል። ነገሩ ልክ ይመስላል። ግን ታይመሯ እንደዚያ አትረዳውም። «ስታርት ታይም» የመስመር አይደለም፤ የፕሮግራሙ ሁሉ ነው። አራት «ስታርት ታይም» ሞላችሁላት ማለት አራቱንም መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ጊዜ ታዞራለች ማለት ነው። ለአንድ መስመር 12 ደቂቃ ከሰጣችሁት በቀን 48 ደቂቃ ይረጫል። እናንተ ተኝታችኋል። ውሃው መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያው ሥራችሁ ይሄ ይሁን። ፕሮግራም ኤ ላይ ስንት «ስታርት ታይም» እንዳለ እዩ። ከዚያ ፕሮግራም ቢን እዩ፣ ሲ ካለም ሲን እዩ። እናንተ የማታውቁት፣ የቀድሞው ባለቤት የተወው ፕሮግራም ተደብቆ ሊሠራ ይችላል። የማትፈልጉትን አጥፉት። ባትሪዋንም ቀይሩላት። አንዳንድ አሮጌ ታይመሮች መብራት ሲጠፋ እናንተ የሞላችሁትን ይረሱና ፋብሪካው በሰጣቸው ፕሮግራም በየቀኑ መሥራት ይጀምራሉ። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሄዶ ማየት ነው።

እሺ፣ ስንት ደቂቃ ይበቃል? እዚህ ላይ አፈራችንን ማወቅ አለብን። የዚህ ሸለቆ አፈር ከሥሩ ካሊቼ የሚባል ድርቅ ያለ ነጭ ንጣፍ አለው፤ በዶማ ስትመቱት እንደ ሲሚንቶ ያነጥራል። ላይኛው አፈርም ውሃ ቶሎ አይጠጣም። ስፕሪንክለሩን 12 ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ ከለቀቃችሁት፣ መጀመሪያ ትንሽ ይሰርጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ድራይቭዌይ ይወርዳል። የውሃ መሥሪያ ቤቱ የሚመክረው ይሄንኑ 12 ደቂቃ ሦስት ቦታ መክፈል ነው። 4 ደቂቃ ማጠጣት፣ አንድ ሰዓት መጠበቅ፣ 4 ደቂቃ፣ እንደገና አንድ ሰዓት፣ እንደገና 4 ደቂቃ። አፈሩ የተሰጠውን ጠጥቶ እስኪጨርስ ጊዜ ያገኛል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሦስት «ስታርት ታይም» የሚያስፈልገው፤ ግን ደቂቃው 4 ብቻ ሲሆን። የሣሩ ውሃ መንገድ ላይ መፍሰሱን ካቆመ ልኩን አገኛችሁት ማለት ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ከንጋት በፊት ይሁን። በሰመር ከጠዋቱ 11 እስከ ምሽቱ 7 ማጠጣት ክልክል ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ ታይመሯም የምታውቀው እሱን ነው። ደንቡም ባይኖር ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2024፣ ጁላይ 7 ቀን እዚህ 120 ዲግሪ ፋራናይት ተመዝግቧል። ከተማዋ እንደዚያ ሞቃ አታውቅም። በእንደዚያ ያለ ቀን ቀትር ላይ የሚረጭ ውሃ ብዙው መሬት ሳይነካ ይተናል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ይሄዳል። ሌሊቱን አራትና አምስት ሰዓት ላይ ግን ነፋሱም ጋብ ይላል፣ መሬቱም ቀዝቀዝ ብሎ ይጠብቃችኋል።

እሑድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማጠጣት አይፈቀድም። ታይመሩ ላይ እሑድን አጥፉት። ለእኛ ይቺ ቀላል ናት፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነን። ከሜይ 1 እስከ ኦገስት መጨረሻ ስድስቱን ቀን ማጠጣት ይቻላል። «ይቻላል» ማለት ግን «ይገባል» ማለት አይደለም። ስድስቱን ቀን የሚፈልግ ካለ ሣር ነው። ዛፍና ቁጥቋጦ በፍጹም አይፈልጉም።

ስለ ዛፍና ቁጥቋጦ ካነሳን ድሪፑን እንይ። ድሪፕ ማለት በቀጭን ጥቁር ቱቦ በጠብታ የሚያጠጣው ነው። የሱ ጠባይ ከስፕሪንክለር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ስፕሪንክለር በአጭሩ፣ ቶሎ ቶሎ። ድሪፕ ረዘም አድርጎ፣ አልፎ አልፎ። እንደ ጠብታው መጠን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሠራ ይችላል፤ በሰመር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃዋል። ብዙ ቤት ግን ድሪፑና ስፕሪንክለሩ አንድ ፕሮግራም ላይ ተጭነው አያለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠባል። ውሃው ላይ ላዩን ብቻ ይቀራል። ሥሩም ወደ ታች መሄድ ትቶ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ሙቀት ሲመጣ የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው። ስለዚህ ሣሩን በኤ፣ ድሪፑን በቢ ለያይታችሁ ያዙ።

ጠብታዋ የምትወርድበት ቦታም ቁም ነገር ነው። ዛፉ ሲተከል ግንዱ ሥር የተደረገችው የጠብታ ማውጫ ከአሥር ዓመት በኋላም እዚያው ናት። ዛፉ ግን አድጓል፤ ውሃ የሚጠጡት ሥሮቹ ያሉት ቅርንጫፎቹ ከሚያበቁበት ጥላ ጫፍ አካባቢ ነው። የጠብታ ማውጫዎቹን ወደዚያ አውጧቸው፣ ቁጥራቸውንም ጨምሩላቸው። ውሃው መድረሱን ለማወቅ ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱና አጠጥታችሁ ስትጨርሱ መሬቱ ላይ ተጫኑት። ያለ ትግል ገብቶ ከሄደ እርጥበቱ ወርዷል። ሁለት ኢንች ሄዶ ቀጥ ካለ አልደረሰም።

ሌላው የተደበቀ ሌባ የፈነዳ ቱቦ ነው። ድሪፕ በጠጠር ተሸፍኖ ስለሚቀበር የጠብታ ማውጫዋ ተነቅላ ሳምንት ሙሉ ብትፈስ አናየውም። አንዳንዴ አንድ ጥግ ላይ ያለ አረም ብቻውን ለምልሞ ሲታይ ነው የሚነቃው። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዱን መስመር በእጅ አብሩትና ግቢውን እየዞራችሁ እዩ። ቀን ላይ፣ ዓይናችሁ እያየ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የተጋደመ ስፕሪንክለር ካለ አቅኑት። አጥሩን የሚረጭ ካለ አፉን አዙሩት። ሣሩ መሃል አንዲት ቦታ ብቻ ከደረቀች ለግቢው ሁሉ ደቂቃ አትጨምሩ። እዚያች ቦታ ላይ ያለው ስፕሪንክለር ተደፍኗል ወይ ዞሯል፤ እሱን ጥረጉት።

ቆጣሪውንም ጠይቁት። መንገድ ዳር፣ መሬት ውስጥ በክዳን የተሸፈነው ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፤ የልብስ ማጠቢያው አይሥራ፣ ታይመሩም ጠፍቶ ይሁን። ከዚያ ክዳኑን ገልጣችሁ እዩ፤ ከፍታችሁ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ሸረሪትና ጊንጥ መኖሩን ተመልከቱ። ብዙ ቆጣሪ ላይ ትንሽ ውሃ ሲያልፍ እንኳ የምትዞር ትንሽዬ ምልክት አለች። ሁሉም ተዘግቶ እሷ የምትዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው።

ወደ ጎማው ልምጣ። እኛ ግቢ በውሃ ማጠብ እንወዳለን። በዓል ሲደርስ ምንጣፉ ይወጣል፣ ድራይቭዌይ ላይ ይዘረጋል፣ ሳሙና ይፈስበታል፣ ጎማው ተከፍቶ ይቀራል። ስልክ ይደወላል፤ ጎማው እየፈሰሰ ነው። የ5 ጋሎን ባልዲ ወስዳችሁ ጎማችሁ ስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚሞላው ለኩ። በአንድ ደቂቃ ሞላ እንበል። እንግዲያው አሥር ደቂቃ ኮንክሪት ላይ ሲፈስ 50 ጋሎን ሄደ። ኮንክሪት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ አያድግም። አቧራና ቅጠል በመጥረጊያ ይጠረጋል። ውሃ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ከፈሰሰ ቅጣት አለው፤ ሲደጋገም ደግሞ ቅጣቱ እያደገ ይሄዳል። ለጎማው ጫፍ እጅ ሲለቁት የሚዘጋ መርጫ ግጠሙለት፤ ጥቂት ዶላር ነው።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው። መኪና ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቲፑም ሬቲንጉም ከዚያ ነው። ግን ድራይቭዌይ ላይ ስታጥቡ ውሃው አስፋልቱ ላይ ተኖ ይቀራል። መኪና ማጠቢያ ቤት ስትወስዱት ግን ውሃው በፍሳሽ መስመር ወደ ማጣሪያው ሄዶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይታያል፤ አንድ መኪና ነው፣ አንድ ዓይነት ቆሻሻ ነው፣ የታጠበበት ቦታ ግን ውሃውን ያተርፈዋል ወይም ያጠፋዋል። መዋኛ ገንዳ ያላችሁም እንደዚሁ። ገንዳው ሲቀየር ውሃውን ወደ መንገድ አትልቀቁት፤ ወደ ፍሳሽ መስመሩ ልቀቁት። በማትዋኙበት ጊዜ ደግሞ ሸፍኑት።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ክፍል፣ ወደ ተክሎቹ። አገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ይሄ ከተማ የሚያገኘው 100 ገደማ ነው። ስለዚህ የአገራችንን አትክልት በአገራችን ወር ልንተክለው አንችልም። ጎመን በሰመር ውሃ ብታንቆረቁሩለትም ይጠወልጋል፣ ይመርራል፤ ሙቀቱን አይወደውም። ጎመን ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ላይ ይተከል። ክረምቱን፣ ይኸውም የዚህ አገሩን ዊንተር፣ ሙሉ በትንሽ ውሃ ትበላላችሁ። ቃሪያ በሰመር ይሆናል፤ ግን ከሰዓት በኋላ ጥላ ይፈልጋል፣ ከሥሩም ጉዝጓዝ። ሦስት አራት ኢንች ውፍረት ያለው ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ አፈሩ ላይ ሲነጠፍ እርጥበቱን ይይዘዋል። በሶብላም እንደ ቃሪያው ነው።

የጥብስ ቅጠል ግን ሌላ ነው! እስቲ መንገድ ላይ ስትሄዱ ዙሪያችሁን እዩ፤ ሞሉን፣ ባንኩን፣ አፓርታማውን ከብቦ የተተከለው አረንጓዴ ቁጥቋጦ ብዙው የጥብስ ቅጠል ነው። አንዴ ሥር ከሰደደ በድሪፕ ጥቂት ውሃ ይኖራል። እንግዲህ ሣር ነቅላችሁ ምን እንትከል ላላችሁኝ፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ለዓይንም ለመጥበሻም ይሆናል። ጤና አዳምም ድርቅ ይችላል። ሮማንና በለስ ይሄን ፀሐይ ይወዱታል፤ ፍሬም ይሰጣሉ። እሬት ጥላ ሥር ይኖራል። የባሕር ቁልቋል ደግሞ የዚሁ አህጉር ተወላጅ ነው፤ ከዚህ ሄዶ ነው ትግራይና ወሎ የለመደው። በበረሃው ዛፍ ረገድ ሜስኪት፣ ፓሎ ቨርዴና የበረሃ ዊሎው አሉ፤ ከእኛው ግራር ዘመዶችም እዚህ በየመንገዱ የተተከሉ አሉ።

ሣሩን እንንቀል ወይስ እንተው? ልጆች የሚጫወቱበት ቁራጭ ሣር ካላችሁ ተዉላቸው፤ እኔ ልጅን ከሣር ላይ የማስነሳ ሰው አይደለሁም። የምለው ማንም የማይረግጠውን ነው። ሣር ማጨጃ ሲገፋበት ብቻ የሚረገጥ ሣር አለ፤ ከፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከአጥሩ ጎን። አንድ ስኩዌር ፊት ሣር እዚህ በዓመት 73 ጋሎን ውሃ ይጠጣል። በድሪፕ የሚጠጣ የበረሃ ተክል ሲተካበት በአማካይ 55 ጋሎኑ ይተርፋል። 500 ስኩዌር ፊት ከሆነ በዓመት 27,500 ጋሎን ነው። እዚህ አካባቢ ከ1999 ጀምሮ ለሚነቀል ሣር ገንዘብ ይከፈላል። እስካሁን ከ200 ሚሊዮን ስኩዌር ፊት በላይ ተነቅሏል። ከ2002 ወዲህ ሰዉ በብዙ መቶ ሺህ ጨምሮ ሳለ ከወንዙ የሚወሰደው ውሃ የቀነሰው ከዚህም የተነሳ ነው። ይሄ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው።

ስለ ሕጉ የሚወራውን ግን እናጥራ። በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግ ከ2027 መግቢያ ጀምሮ ጥቅም የሌለውን ሣር በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ይከለክላል። ይሄ የሚመለከተው ኤች ኦ ኤ የሚባለው የሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚያስተዳድረውን የጋራ ቦታ፣ አፓርታማውን፣ ሱቁንና መሥሪያ ቤቱን፣ የመንገዱን መሃል ነው። የግል መኖሪያ ቤታችሁን ግቢ አይደለም። «ሣርህን ካልነቀልክ ትቀጣለህ» ብሎ በርካሽ ልንቀልልህ የሚል ሰው በራችሁን ካንኳኳ አትደንግጡ።

ሣር ለሚነቅል የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ሪቤቱን፣ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ማመልከት። ከዚያ ሣሩን መጥተው ያያሉ። ከዚያ መንቀል። ሣሩን ቀድማችሁ ከነቀላችሁት ወይም ውሃ ከልክላችሁ ከገደላችሁት ክፍያው ይቀርባችኋል። ሲታይ ሕያው መሆን አለበት። የምትተክሉት ተክልም ሲያድግ የቦታውን ግማሽ መሸፈን አለበት። ይሄን ቅድመ ሁኔታ እወደዋለሁ። ጠጠር ብቻ የተደፋበት ግቢ በሰመር ምድጃ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ወደ ቤት ይተፋል፣ ኤሲያችሁም ሲጮህ ያድራል። ፕላስቲክ ሣርም ጁላይ ላይ የሕፃን እግር ያቃጥላል፤ እኔ ለማንም አልመክርም። ጥላ ያስፈልገናል።

እዚህ ላይ እባካችሁ አንድ ነገር። ሣሩ መሃል የቆመ ዛፍ ካለ፣ ያ ዛፍ ሲጠጣ የኖረው የሣሩን ውሃ ነው። ሣሩ ሲነቀል ስፕሪንክለሩ ይዘጋል፤ ዛፉን የሚያስታውሰው የለም። በሁለተኛው ሰመር ይደርቃል። ሃያ ዓመት ያደገ ጥላ በአንድ የቱቦ ክዳን ይጠፋል። ነቃዩን «ለዛፉ ድሪፕ አስገባህለት?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ገንዘቡን አትክፈሉት። ውሃ ከቆጠብን የቆጠብነውን ለዛፍ እንስጠው።

ጁላይና ኦገስት ላይ አልፎ አልፎ ኃይለኛ ዝናብ ይመጣል፤ ጎርፉን ታውቁታላችሁ። ሲዘንብ ታይመሩን አጥፉት፤ ሲደርቅ መልሳችሁ አብሩት። ሴፕቴምበር 1 ላይ ደግሞ ደንቡ ከስድስት ቀን ወደ ሦስት ቀን ይወርዳል፤ ኖቬምበር 1 ላይ ወደ አንድ። ብዙ ሰው የሰመሩን ፕሮግራም ረስቶ እስከ ገና ያጠጣል፤ ቢሉ ላይ የሚታየው ትልቁ ብክነት እሱ ነው። ስልካችሁን አውጡና አሁን፣ እዚሁ ተቀምጣችሁ፣ ለሴፕቴምበር 1 ማስታወሻ ሙሉ። የእናቶችን ስልክ ልጆች ሙሉላቸው።

የታይመራችሁን ስክሪን ፎቶ አንስታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ አንድ በአንድ አብረን እናየዋለን። ያላነሳችሁም ሞዴሉን ጻፉልኝ። ጥያቄ ያለው?